ለቅዳሜ የተመረጡ ጀግኖች

ደሴ፣ ሆጤ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፤ ትርሲት ከፊልም መጫኛ ሱቋ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለነገው የሰፈር ልጆች ፊልም እያሰናዳች ሳለ፣ የሟች ወንድሟ የአንዳርጌ ሚስት፣ የትንሿ ሶልያና እናት የትናየት ወረቀትና ፍላሽ ይዛ ገብታለች።

የትናየት፦ አይሆንም አልኩሽ እኮ እትዬ። ነገ ያንን የድልድይ ፊልም ደግመሽ የምታሳዪ ከሆነ ሶልያና አትመጣም።

ትርሲት፦ እሺ፣ መጀመሪያ ከፍራሹ ላይ ውረጂ። ልጆቹ የሚቀመጡበት ነው፤ ጫማሽ ጭቃ በጭቃ ነው።

የትናየት፦ ይቅርታ፣ አላየሁትም። በይ ወረቀቱን አንብቢው።

ትርሲት፦ ይሄ ምንድን ነው? ፈተና ነው? ተራ ቁጥር አለው።

የትናየት፦ መመዘኛ ነው። ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጆች ጀግና ሴት ያለችበት ፊልም ሲመረጥ መታየት ያለባቸው ነገሮች ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ አስቤበታለሁ።

ትርሲት፦ "አንድ፤ ከመልኳ ይልቅ ሥራዋ የሚታይ።" ጥሩ። "ሁለት፤ ልዑል መጥቶ የማያድናት።" ልዑሉንማ ካባረርኩት ቆየሁ፤ እሱ ሲመጣ "ይሄ ውኃ ቀጂ ነው" እላቸዋለሁ። "ሦስት፤ ስትሳሳት ይቅርታ የምትጠይቅ። አራት፤ ችግርን አስባ የምትፈታ።" የትናዬ፣ ይቺን ልጅ ፊልም ላሳይባት ነው ወይስ መሥሪያ ቤት ልቀጥራት?

የትናየት፦ ቀልዱን ተዪው። በመመዘኛው የሚያልፉ አራት ፊልሞች ፍላሹ ላይ አሉ። ያንቺዎቹን አጥፊና እነሱን ጫኚ።

ትርሲት፦ ችግኝ የምታፈላዋ ልጅ አለችበት?

የትናየት፦ አለች። ምነው?

ትርሲት፦ እሷን ከወር በፊት ልከሽልኝ ሞክሬያታለሁ። አሥራ አራት ልጅ ነበረ። አሥራ አንዱ ተኛ። ሁለቱ ተደባደቡ።

የትናየት፦ አንዷስ?

ትርሲት፦ አንዷ ያንቺ ልጅ ናት። እጇን አጣጥፋ እስከ መጨረሻው አየችው። ሲያልቅ "እማ የመረጠችው ነው አይደል?" አለችኝ። እንዴት አወቅሽ ብላት "ማንም አይሮጥም" አለች።

የትናየት፦ እንዲያ አለች?

ትርሲት፦ ክፋት የላትም። እንዲያውም ችግኟ ስትበቅል አጨብጭባለች። ብቻዋን።

የትናየት፦ ያንቺ ጀግኖች ይሮጣሉ። እሺ። ስንት ፊልም አሳየሻት እስካሁን? ዘጠኝ። ቆጥሬያለሁ። ዓሣ አጥማጇ ልጅ እናት የላትም። የባቡሩን ፉጨት የምትጠግነዋ እናት የላትም። ቀበሮ የምታሳድገዋ እናት የላትም። ድቧ እንኳ፣ ድብ ሆና፣ እናት የላትም።

ትርሲት፦ የድቧ እናት አለች።

የትናየት፦ በረዶ ውስጥ ትቀራለች!

ትርሲት፦ ከመቅረቷ በፊት ግን አለች። አንድ ሁለት ደቂቃ ትታያለች።

የትናየት፦ እትዬ።

ትርሲት፦ ምን ላድርግ ታዲያ? ፊልሞቹን እኔ አልሠራኋቸው። ደግሞም ነገሩ ግልጽ ነው፤ እናት ካለች ልጅቷ ከቤት አትወጣም። "የት ነሽ? ሹራብሽን ልበሺ። ሳይመሽ ግቢ።" ፊልሙ በአሥር ደቂቃ ያልቃል።

የትናየት፦ ማክሰኞ ጠዋት ፀጉሯን እየሠራሁላት "እማ፣ አንቺ መቼ ነው የምትሞቺው?" አለችኝ። ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። ለምን ትጠይቂያለሽ ስላት "ጀግና መሆን ስለምፈልግ ነዋ!" አለችኝ።

ትርሲት፦ ውይ! ይቅርታ የትናዬ፣ ልስቅ አልፈለግሁም። ውይ፣ ወንድሜን ትምሰል? ይሄ የአንዳርጌ ወሬ ነው እኮ።

የትናየት፦ ሳቂ። ሁሉም ይስቃል። ትናንት ደግሞ የመዋዕለ ሕፃናቷ አስተማሪ ጠርታኝ ሳቀችልኝ። "የምታውቋትን ጠንካራ ሴት ሳሉ" ብላቸዋለች። ሶልያና የሳለቻት ሴት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ አፏ ከጭንቅላቷ ይበልጣል።

ትርሲት፦ እኔን?

የትናየት፦ በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ አፍ ያለው ሌላ ማን አለ?

ትርሲት፦ ጉትቻዬንስ አደረገችልኝ?

የትናየት፦ ሁለቱንም አድርጋልሻለች። በቢጫ።

ትርሲት፦ የኔ ቆንጆ! የት አለ ሥዕሉ? አምጪው፤ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። አንቺንስ የት ሳለችሽ?

የትናየት፦ መስኮት ውስጥ። ወረቀት እያረምኩ። አንገቴ ብቻ ነው የሚታየው። አሁን ለምን አትስቂም?

ትርሲት፦ ቀንተሻል።

የትናየት፦ እኔ የማወራሽ ስለ ልጅ አስተዳደግ ነው።

ትርሲት፦ እኔ ደግሞ ስላንቺ ነው የማወራሽ። ዩኒቨርሲቲ ቁጥር የምታስተምር ሴት፣ የድብ እናት ሞተች ብላ መመዘኛ ጽፋ በጭቃ አትመጣም። ስለ ፊልም ቢሆን ስልክ ይበቃሽ ነበር።

የትናየት፦ ባለፈው ቅዳሜ መብራት ሲጠፋ ምን ሆነ?

ትርሲት፦ ምን ይሆናል? መብራት ጠፋ።

የትናየት፦ ከዚያስ?

ትርሲት፦ ከዚያማ እንደ ሁልጊዜው ቀጠልኩ። መብራት በጠፋ ቁጥር ልጅ ብበትን አንድ ፊልም አንጨርስም። መቼም ቋንቋውን አያውቁት፤ የፊልሙን ድምፅ ዘግቼ ሁሉንም የምናገረው እኔ ነኝ። ሥዕሉ ቢጠፋ እኔ አልጠፋሁ። መጋረጃው ወርዷል፤ ጨለማ ነው፤ እነሱ ጭጭ ብለው ይሰሙኛል። መብራት ሲመጣ እንዲያውም "አጥፊው፣ አጥፊው" ነው የሚሉኝ።

የትናየት፦ የፈቲያ እናት ዘምዘም ልጇን ልትወስድ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የሰማችውን ነግራኛለች።

ትርሲት፦ ዘምዘም ያልሰማችውንም ጨምራ ነው የምትናገረው።

የትናየት፦ አልጨመረችም። እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። "አንዳርጌ ውስጥ ሆኖ ልጆች የሚያጫውት መሰለኝ" አለችኝ።

ትርሲት፦ ቆይ መጋረጃውን ልክፈተው። ታፈንኩ።

የትናየት፦ ተዪው መጋረጃውን። ልጄ ምን አለች?

ትርሲት፦ የድልድዩ ፊልም ነው። ጎርፍ አባትየውን ከወንዙ ማዶ አስቀርቶታል። ልጅቷ የገመድ ድልድይ ትሠራና ለመሻገር ትነሣለች፤ አባትየው ከማዶ ይጠራታል። እኔም ጠራሁ። በእሱ ድምፅ። ከዚያ ሶልያና ከፍራሹ ላይ ተነሥታ "አቤት አባ" አለች።

የትናየት፦ ቀጥዪ።

ትርሲት፦ በጨለማው እየዳበሰች ወደ ድምፁ መጣች። ቀሚሴን ያዘች። እኔ መሆኔን አወቀች።

የትናየት፦ ስታውቅስ?

ትርሲት፦ አልለቀቀችኝም።

የትናየት፦ ይሄን ሁሉ ሳምንት ስልክ ደውለሽ አልነገርሽኝም።

ትርሲት፦ ምን ብዬ ልንገርሽ? አንቺ ቤት ስሙ ሲነሣ ሻይ ልታፈይ ትነሺያለሽ። አስቤ ያደረግሁት አይደለም የትናዬ። ለአባትየው ድምፅ አስፈለገኝ። የማውቀው የወንድ ድምፅ የማን ነው? አባታችን በልጅነቴ ሞቶ ድምፁን አላስታውስም። ባል የለኝም። ያለኝ የአንዳርጌ ድምፅ ነው።

የትናየት፦ እኔ ያለኝ አሥራ አንድ ሰከንድ ነው።

ትርሲት፦ የምን አሥራ አንድ ሰከንድ?

የትናየት፦ የድምፁ። በቴሌግራም የላከልኝ። "ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ሲያልቅ እደውላለሁ፤ ቤት ውስጥ ዘይት አለ ወይ?" ይላል። ሌላ አላስቀረሁም፤ ይሞታል ብዬ መች አሰብኩ? ባለፈው ወር ለሶልያና ከፈትኩላት። ሲሞት ሁለት ዓመት ተኩሏ ነበር፣ ምን ታስታውስ? ሰምታ ሰምታ "ይሄ ሰውዬ ማነው?" አለችኝ። እኔ አሥራ አንድ ሰከንድ አለኝ፤ አንቺ በየቅዳሜው ሰዓት ተኩል ትሰጫታለሽ። ያውም ጎርፍ የሚሻገር፣ ዓሣ የሚያናግር አባት። የኔው ዘይት አለ ወይ ይላል።

ትርሲት፦ ውድድር አደረግሽው እንዴ?

የትናየት፦ ውድድር ነው። ላንቺ የማይመስልሽ ስለምታሸንፊ ነው።

ትርሲት፦ ምኑን አሸነፍኩት! ፊልሙ ሲያልቅ እጇን ይዘሽ ወደ ቤት የምትወስጃት አንቺ ነሽ። እኔ ፍራሽ አጥፋለሁ።

የትናየት፦ ከሁሉ በላይ ያመመኝን ልንገርሽ? እሑድ ቁርስ ላይ ዳቦ ቆርሼ ስሰጣት "አመሰግናለሁ ዳኛዬ" አለችኝ።

ትርሲት፦ አዎ፣ ከፊልሙ ነው። አባትየው ልጁን እንዲያ ይላታል።

የትናየት፦ የትኛው ፊልም ነው እንዲያ የሚለው? በየትኛው ቋንቋ? እትዬ፣ አንዳርጌ ዳኛዬ የሚለው እኔን ነው። ብቻችንን ስንሆን። ሰው ፊት አንድ ቀን አምልጦት አያውቅም። ተጣልተን እንኳ ያቺን ቃል ከሰማሁ በቃ፣ እታረቃለሁ። እና ልጄ ከዚህ ክፍል፣ ከአሥራ ሦስት የሰፈር ልጅ ጋር ተምራው መጣች። ለመሆኑ አንቺ ጋ ቁጭ ብሎ የጓዳችንን ያወራ ነበር?

ትርሲት፦ ስለጓዳችሁ አንድ ቃል ነግሮኝ አያውቅም።

የትናየት፦ ታዲያ ከየት አመጣሽው?

ትርሲት፦ ይቅርብሽ የትናዬ።

የትናየት፦ አይቀርብኝም። ንገሪኝ።

ትርሲት፦ ዳኛው እኔ ነበርኩ።

የትናየት፦ ምን ማለት ነው?

ትርሲት፦ ቦሩ ሜዳ እያለን። የጨርቅ ኳስ ሲጫወቱ የምዳኛቸው እኔ ነበርኩ፤ የአጎቴን ፊሽካ አንገቴ ላይ አስሬ። እሱ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እኔ አሥራ አንድ። ተጠልፎ ሲወድቅ ለእናታችን አይናገርም፤ "ዳኛዬ፣ አየሽ አይደል?" ነበር የሚለኝ። ስሙ ቤትም ገባ። ዳቦ ስናካፍል ዳኛዬ፤ ሲገረፍ ዳኛዬ። ዩኒቨርሲቲ ሄዶ እንኳ ደብዳቤው ላይ እንዲያ ብሎ ነበር የሚጀምረው።

የትናየት፦ እኔ ፊት እንዲያ ብሎሽ አያውቅም።

ትርሲት፦ አንቺን ካገባ ወዲህ እትዬ ማለት ጀመረ። ትልቅ ሰው ሆነ አልኩ። ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ግን ሙሽራ ይጠየቃል? ስሜን ከእኔ ወስዶ ለማን እንደሰጠው ይኸው ዛሬ ካንቺ ሰማሁ።

የትናየት፦ ሰባት ዓመት። ሰባት ዓመት ሙሉ የራሴ መስሎኝ።

ትርሲት፦ የራስሽ ነበር። የኔ ካበቃ በኋላ። አትይኝ እንደዚያ፤ እኔም እኮ አሁን ነው የተወጋሁት። ፊልሙ ውስጥ ያስገባሁት ማንም የማያውቀው፣ የኔና የእሱ ብቻ መስሎኝ ነው።

የትናየት፦ እንግዲያው ሁለታችንንም አታሎናል።

ትርሲት፦ አንዳርጌ? እሱ አዲስ ስም ማሰብ ሰንፎ ነው።

የትናየት፦ ስንፍናውንስ ተዪው። የሶልያናን ስም ራሱ ከሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ ካለ ማስታወቂያ ነው ያነበበው።

ትርሲት፦ አየሽ? ይሄን አላውቅም ነበር። እንዲህ ያለውን እኮ ነው ለልጅቷ የማትነግሪያት። አርባው ሳይወጣ ማስተማር ጀመርሽ፤ ሰው ሁሉ ብርቱ ናት አለሽ። ልብሱን ሰጠሽ። ፎቶውን ከግድግዳ አወረድሽ። እኔ ወንድሜን ላነሣ ስል ከማን ጋር ላንሣው? ያለኝ ይሄ ፍራሽ ላይ የሚቀመጠው ሕፃን ነው።

የትናየት፦ ፎቶውን ለምን እንዳወረድኩት ታውቂያለሽ? ከፎቶው ሥር ነበር ወረቀት የማርመው። ቀና ስል ያየኛል። አንድ ቀን ትምህርት ክፍሉ ጠራኝ፤ ለሃያ ስምንት ተማሪዎች የማይረባ መልስ ሙሉ ነጥብ ሰጥቻለሁ። ሳላውቅ። እኔ ካልሠራሁ ልጄን ማን ያሳድግልኛል? አወረድኩት። ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ አልጣልኩትም።

ትርሲት፦ ይሄንንም አላውቅም ነበር።

የትናየት፦ አሁን አወቅሽ። በቃ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሶልያናን ሐይቅ ከተማ እናቴ ቤት እወስዳታለሁ። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ።

ትርሲት፦ በየሳምንቱ?

የትናየት፦ በየሳምንቱ።

ትርሲት፦ እሺ። እናቷ ነሽ፤ አልከራከርሽም። አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ስለ አባቷ ማን ይነግራታል?

የትናየት፦ እኔ።

ትርሲት፦ መቼ?

የትናየት፦ ስታድግ። ሲገባት።

ትርሲት፦ እስከዚያ በየቤቱ አባት ትፈልጋለች ማለት ነው። እዚህ ቢያንስ የገዛ አባቷን ታገኝ ነበር።

የትናየት፦ የገዛ አባቷን? እትዬ፣ ስትናገሪውም እኮ አትችይበትም።

ትርሲት፦ ምን አልሽ?

የትናየት፦ ድምፁን አትችይበትም። ዘምዘም በር ላይ ሆና፣ በጨለማ፣ ሆድ ብሷት ነው የመሰላት።

ትርሲት፦ እኔ አብሬው ያደግሁት! እስቲ ስሚ። ልጅቷ የድልድዩ መሀል ላይ ቆማለች፤ ገመዱ ይወዛወዛል፤ እግሯ አልሄድ ብሏል። አባትየው ከማዶ፦ "አይዞሽ ዳኛዬ! ነይ! አትፍሪ! አባትሽ እዚህ አለሁልሽ! ዝለይ!" እህ? ማነው ይሄ?

የትናየት፦ አንቺ ነሽ። ፊሽካ ብቻ ነው የቀረሽ።

ትርሲት፦ አሁን ቅናትሽ ነው የሚናገረው።

የትናየት፦ ይሁን፣ ቅናት ነው። ቀንቻለሁ፤ ካልሽኝ ጀምሮ ቀንቻለሁ። ግን እውነቴን ነው። እሱ ጮሆ አያውቅም። አትፍሪ ሲልም ሰምቼው አላውቅም። አንቺ የያዝሽው ቦሩ ሜዳ ኳስ የሚጫወተውን ልጅ ነው። አባቷ ሌላ ሰው ነበር፤ እሱን አንቺ አታውቂውም።

ትርሲት፦ ታዲያ ያ ሌላው ሰው ምን ይላል? ልጁ መሀል ወንዝ ላይ ቆማለች እኮ።

የትናየት፦ መጀመሪያ ዝም ይላል።

ትርሲት፦ ዝም ካለ ልጆቹ ፊልሙ የተበላሸ ይመስላቸዋል።

የትናየት፦ ይምሰላቸው። ዝም ይላል። ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ሁለቴ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ አጠገቡ ላለ ሰው እንደሚያወራ...

ትርሲት፦ ቀስ ብሎ ምን?

የትናየት፦ "ፈራሽ እንዴ ዳኛዬ? ... እኔም ፈርቻለሁ። እንግዲህ ሁለት ፈሪዎች ነን። አንቺ እየፈራሽ ሂጂ፤ እኔ እየፈራሁ እጠብቅሻለሁ።"

ትርሲት፦ ኧረ በስመ አብ!

የትናየት፦ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌን ላቀርብ በር ላይ ቆሜ ነው ያለኝ። ኮሪደሩ ላይ ሰው አልነበረም። እጀታውን መያዝ አቅቶኝ ነበር። ይቺን አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። ስወጣ እዚያው ቆሞ አገኘሁት።

ትርሲት፦ የትናዬ... እሱን ራሱን ሰማሁት።

የትናየት፦ ምን ሆንሽ?

ትርሲት፦ መጨረሻ ላይ ቃሏን የሚውጣት ነገር። ከጉሮሮው ወዲህ የማትወጣው። ሁለት ዓመት ስሞክር አልመጣልኝ ብላ... እንዴት አድርገሽ ነው ያልሽው?

የትናየት፦ እኔ እንጃ። ሳላስበው ነው። በይ ፍላሹን ስጪኝ፤ ልጅቷን ከትምህርት ቤት ላምጣ።

ትርሲት፦ ፍላሹን አልሰጥሽም። ነገ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጫማሽን በር ላይ አውልቀሽ ግቢ። ልጅቷም ጎርፉም ዓሣውም እኔ ነኝ፤ አባትየው አንቺ ነሽ።